ውኃ የማይሸከመውን አሬራ ይሸከመዋል

«ዶክተርዬ፣ እርዱን በውኃ በጥብጬ ልጠጣው ወይስ በወተት?»

ጅማ ውስጥ ፋርማሲ ለሚሠራ ሰው ይህ ጥያቄ አዲስ አይደለም። እርድ በወተት፣ «ወርቃማ ወተት» የሚባለው ነገር ቲክቶክ ላይ ከተለቀቀ ወዲህ ደግሞ ብሶበታል። ጉልበት የሚያማቸው እናቶች፣ ጨጓራ አለብኝ የሚሉ ወጣቶች፣ ፊቴ ይጥራልኝ የሚሉ ልጆች፣ ሁሉም ስለ እርድ ይጠይቁኛል። ሰው ተሰልፎ እየጠበቀ ረጅም መልስ መስጠት አይመችም። «በወተት ይሻላል» ብዬ እሸኛቸዋለሁ። ዛሬ ለምን በወተት እንደሚሻል አንድ በአንድ ልጽፈው ነው። «ይሻላል» ማለት «ያድናል» ማለት እንዳልሆነም ጭምር።

ከእርዱ ልጀምር። ወደ ጅማ የሚገባው እርድ ከደቡብ ምዕራቡ፣ ከቴፒና ከሸካ በኩል የሚመጣ ነው። ገበሬው ሥሩን ቆፍሮ ያወጣል፣ ያጥባል፣ ይቀቅላል፣ ከዚያ ፀሐይ ላይ ያሰጣዋል። ስንፈጨው እጃችንን የሚያቀልመው ቢጫ ነገር ኩርኩሚን ይባላል። ኬሚስቶች ለይተው ያወጡት እ.ኤ.አ. በ1815 ነው። ከደረቀ እርድ ውስጥ ኩርኩሚንና ዘመዶቹ ከመቶ ከ2 እስከ 5 እጅ ገደማ ቢሆኑ ነው። የቀረው ስታርች፣ አሰርና ሽታ የሚሰጠው ዘይት ነው።

ችግሩ እዚህ ጋ ነው። ኩርኩሚን ውኃ አይወድም። አንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ አንድ ሚሊግራም ኩርኩሚን እንኳ በቅጡ አያሟሟም። እርድ በውኃ በጥብጣችሁ ብርጭቆውን ጠረጴዛ ላይ ተዉት። ትንሽ ቆይታችሁ ስታዩት ዱቄቱ ታች ዘቅጧል፣ ላዩ ፈዘዝ ያለ ቢጫ ውኃ ሆኗል። የምትፈልጉት ነገር ከነዱቄቱ ታች ቀርቷል ማለት ነው።

ሰውነታችን ደግሞ ውኃ ነው። አንጀት ውስጥ ያልሟሟ ነገር ወደ ደም አይገባም፣ እንደገባ ይወጣል። ኩርኩሚን ላይ ሌላም ፈተና አለበት። አሲድ በሌለበት፣ ማለትም እንደ ትንሹ አንጀት ባለ ቦታ፣ ራሱ ይፈራርሳል። በላብራቶሪ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ፤ 7 መሐከለኛ ነው፣ ከዚያ ሲያንስ አሲድ ነው) 7.2 በሆነ ፈሳሽ ውስጥ፣ በሰውነት ሙቀት፣ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ከመቶ 90 የሚሆነው እንደሚበላሽ ተለክቷል። ከዚህ ሁሉ ተርፎ የሚገባውን ትንሽ ነገር ደግሞ የአንጀት ግድግዳና ጉበት ወዲያው ለውጠው ለማስወገድ ያዘጋጁታል። ለዚህ ነው በቀን ብዙ ግራም ኩርኩሚን የዋጡ ሰዎች ደም ሲመረመር የሚገኘው እዚህ ግባ የማይባል የሆነው።

እናቶቻችን ይህን በቅቤ ነው የፈቱት። ቅቤ ሲነጠር እርድ፣ ኮረሪማ፣ ኮሰረትና አብሽ ይገባበታል። እርዱ ቀለሙን ለቅቤው ይሰጣል። ኩርኩሚን ስብ ይወዳልና። እኔም የወባ መድኃኒት ኮአርተም ስሰጥ «ወተት ወይም ቅባት ካለው ምግብ ጋር ውሰዱት» የምለው በዚሁ ምክንያት ነው። አገራችን ከ2004 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የምትጠቀምበት ይህ መድኃኒት ውስጥ ያለው ሉመፋንትሪን ያለ ስብ በቅጡ አይገባም። ወባ ላለበት ለግልገል ጊቤ ግድብ አካባቢ ሰው ይህ ዝርዝር ቀላል ነገር አይደለም።

ታዲያ ብዙ ሰው እርድ በወተት የሚሠራው በቅባቱ ነው ብሎ ያስባል። ፋርማሲስት ጓደኞቼም እንደዚያ ይሉኛል። እኔን ለረጅም ጊዜ የያዘኝ ነገር ግን ሌላ ነው። ቅቤው ተነሥቶለት የቀረው ወተትም እርዱን ይይዘዋል። የሚይዘው በፕሮቲኑ ነው።

ቤታችሁ ሞክሩት። የፈላ ወተት ማቀዝቀዣ ውስጥ አሳድሩ። ጠዋት ላዩ ላይ የተጋገረውን ቅባት በማንኪያ በደንብ ግፈፉ። እርዱን በቀጥታ ከመጨመር ይልቅ ጥቂት እርድ በፋርማሲ አልኮል ውስጥ ዘፍዝፋችሁ በወፍራም ነጭ ጨርቅ አጥልሉት፤ ጥርት ያለ ደማቅ ቢጫ ይወጣል። (ይህ ለማየት ብቻ ነው። የፋርማሲ አልኮል አይጠጣም። ስትጨርሱ ድፉት፣ ብርጭቆውንም እጠቡ።) አሁን ከዚህ ቢጫ ጥቂት ጠብታ በአንድ ብርጭቆ ውኃ ውስጥ፣ ያንኑ ያህል በተገፈፈው ወተት ውስጥ ጨምሩ።

ውኃው መጀመሪያ ደፍረስ ይላል። ሲቆይ ቢጫው እየተሰባሰበ ይዘቅጣል፣ ከብርጭቆው ግድግዳ ጋርም ይጣበቃል። ወተቱ ግን እንደ አደይ አበባ ቢጫ ሆኖ ይቆያል። ታች የሚወርድ ነገር የለም።

ቀጥሎ የሚመጣው ነው ደስ የሚለኝ። ወተቱን ለብ አድርጉና ሎሚ ጭመቁበት። ወዲያው ይቋጠራል። በጨርቅ አጥልሉት። ጨርቁ ላይ የቀረው አይብ ደማቅ ቢጫ ነው። የወረደው አጓት ግን ገርጣ ያለ ነው፣ ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ቢጫ። ይህች የአጓት ቀለም ደግሞ የእርዱ አይደለችም፤ እርድ ባይገባበትም አጓት እንደዚሁ ነው፣ ከራሱ ከወተቱ ቫይታሚን ቢ2 የሚመጣ ነው። ኩርኩሚኑ አብዛኛው የሄደው ከፕሮቲኑ ጋር ነው። ትንሽ ቅባት ከግፈፋው አምልጦ ሊቀር ይችላል፣ እሱም የድርሻውን ይይዛል። ነገር ግን እንዲህ ያለውን ቢጫ አይብ በዚያች ቅባት ብቻ ማስረዳት አይቻልም።

የዚህ ሥራ ባለቤት ኬዚን ይባላል። ከላም ወተት ፕሮቲን ውስጥ ከመቶ 80 እጁ እሱ ነው። የቀረው 20 እጅ አጓት ውስጥ የሚቀረው ነው። ኬዚን ወተት ውስጥ ብቻውን አይንሳፈፍም። በሺዎች የሚቆጠሩ የኬዚን ሞለኪውሎች ተሰባስበው ድብልብል ይሠራሉ፤ ሚሴል ይባላል። ስፋቱ ከ50 እስከ 500 ናኖሜትር (የሚሊሜትር ሚሊዮንኛ) ይደርሳል። ቅባቱ የተነሣለት ወተት አሁንም ነጭ የሚሆነው እነዚህ ሚሴሎች ብርሃን ስለሚበትኑ ነው።

ሚሴሉ የተፈጠረው ለእርድ ብሎ አይደለም፣ ለጥጃው ነው። አንድ ሊትር ወተት ውስጥ 1.2 ግራም ያህል ካልሲየም አለ፣ ፎስፌትም እንዲሁ። ሁለቱ ውኃ ውስጥ ይህን ያህል ሆነው ቢገናኙ እንደ ጠጠር ይዘቅጡ ነበር። ጥጃው አጥንቱን የሚሠራበትን ማዕድን ሳይዘቅጥ የሚያደርስለት ኬዚን ነው። በየሚሴሉ ውስጥ ካልሲየም ፎስፌት በጥቃቅን እየተቋጠረ በፕሮቲኑ ተይዞ ይሄዳል። የማይሟሟ ነገር ተሸክሞ በውኃ ውስጥ መሄድ የኬዚን የተፈጥሮ ሥራው ነው ማለት ነው። ሳይንቲስቶች ያደረጉት ሌላ ጭነት መስጠት ነው።

እንዴት ይይዘዋል? ቤታ ኬዚን የሚባለውን ውሰዱ። አንዱ ጫፉ ውኃ ይወዳል፣ የቀረው ረጅሙ አካሉ ከውኃ ይሸሻል። ልክ እንደ ሳሙና ነው። ውኃ የሚጠሉት ክፍሎች ወደ ውስጥ ይገባሉ፣ ውኃ የሚወዱት ወደ ውጭ ይቆማሉ። ኩርኩሚንም ውኃ ስለሚጠላ ውስጥ ካሉት ጋር ይጠጋል። እዚያ ሲገባ ከውኃው ይጋረዳል፣ ስለዚህ ያ በግማሽ ሰዓት የሚያፈራርሰው ነገር በቀላሉ አይደርስበትም። መሟሟቱ ብቻ ሳይሆን ዕድሜውም ይረዝማል። ለእኔ ይህ ሁለተኛው ጥቅም ከመጀመሪያው አያንስም።

አጓት ውስጥ ያለው ቤታ ላክቶግሎቡሊንም ባዶ እጁን አይደለም። 162 አሚኖ አሲድ ያለው ትንሽ ፕሮቲን ነው፣ መሐሉ ላይ ጎድጓዳ ኪስ አለው። እንደ ቫይታሚን ኤ ያሉ ስብ ወዳድ ሞለኪውሎች እዚያ ኪስ ውስጥ ይቀመጣሉ። ኩርኩሚንም ይጠጋዋል። ግን ሙቀት አይችልም፤ ከ70 ዲግሪ በላይ ሲሞቅ ቅርጹ ይፈታል።

እ.ኤ.አ. በ2007 እስራኤል ሃይፋ የሚገኘው የቴክኒዮን ዩኒቨርሲቲ ቡድን ቫይታሚን ዲ2ን በኬዚን ሚሴል ውስጥ አስገብቶ አሳየ። ከዚያ በኋላ ብዙ ሰው ወደዚህ ዞረ፤ በማግሥቱ ዓመት የህንድ ተመራማሪዎች ኩርኩሚንን ከኬዚን ሚሴል ጋር አገናኝተው አጠኑ። እኔን ከሁሉ በላይ ያስደነቀኝ ግን በ2014 እ.ኤ.አ. ከአሜሪካ ቴነሲ ዩኒቨርሲቲ የወጣው ሥራ ነው። የሠሩት ነገር እጅግ ቀላል ነው፣ አልኮል እንኳ አይፈልግም።

ይህን ለመረዳት የአልጫ ወጥ ጠብታ ነጠላ ላይ ሲወድቅ የሚሆነውን ማስታወስ ይበቃል። ቢጫውን ጠብታ በሳሙና ስታሹት ቀይ ይሆናል። የልብስ ሳሙና አልካላይ (የአሲድ ተቃራኒ) ነው፣ ኩርኩሚን አልካላይ ሲነካው ቅርጹ ተለውጦ ይቀላል። ያን ጊዜ ታዲያ ቀለሙ ብቻ አይደለም የሚለወጠው፤ ውኃ ውስጥ መሟሟትም ይችላል። የቴነሲዎቹ ኩርኩሚኑንና ኬዚኑን አንድ ላይ አድርገው ፒኤቹን ወደ 12 አወጡት። ኩርኩሚኑ ሟሟ፣ የኬዚኑም ጥቅልል ተፈታ። ለግማሽ ሰዓት በክፍል ሙቀት አቆዩትና በአሲድ ወደ 7 መለሱት። ፕሮቲኑ ተመልሶ ሲጠቀለል ኩርኩሚኑን ውስጡ ይዞት ተጠቀለለ። ነጠላዋን አጥባችሁ በሎሚ ውኃ ብታለቀልቁት ቀዩ ወደ ቢጫ ሲመለስ የምታዩት የዚሁ ነገር ሁለተኛ አጋማሽ ነው።

ይህ የወረቀት ላይ ጨዋታ እንዳይመስላችሁ አንድ ምሳሌ ልጨምር፣ ከወተት ባይሆንም። ፓክሊታክሴል የሚባል የካንሰር መድኃኒት አለ። መጀመሪያ የተገኘው ከዛፍ ልጣጭ ነው፣ ውኃ ውስጥም አይሟሟም። በደም ሥር ለመስጠት ከጉሎ ዘይት በተሠራ ማሟሚያ ይበጠብጡት ነበር። ማሟሚያው ራሱ ከባድ አለርጂ እያስነሣ ሕሙማንን ያስቸግር ነበር። በ2005 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ አብራክሴንን ፈቀደ፤ ያው ፓክሊታክሴል ነው፣ ግን የጉሎ ማሟሚያው ወጥቶ አልቡሚን በተባለ የደም ፕሮቲን ላይ ተጭኗል። ፕሮቲን የዕፅዋት ጭነት ተሸክሞ ሆስፒታል መድረስ እንደሚችል ይህ ማስረጃ ነው።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጉዳይ። ፋርማሲ የመጣችው እናት የምትጠይቀኝ ስለ መሟሟት አይደለም፣ ስለ ጉልበቷ ነው።

ኬዚን እርዱን ብርጭቆ ውስጥ መሸከሙ እርግጥ ነው። ጨጓራ ውስጥ ሲገባ ግን ነገሩ ይለወጣል። ጨጓራ አሲድ ነው። ኬዚን ፒኤች 4.6 አካባቢ ሲደርስ ይቋጠራል፣ የጨጓራ ኢንዛይምም ይቆርጠዋል። ጭነቱ ከፊሉ እዚያው ይራገፋል። ከዚያ አምልጦ የገባውን ጉበት ይጠብቀዋል። ቁንዶ በርበሬ ላይ የተሠራው ጥናት የሚጠቅመን እዚህ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1998 ሁለት ግራም ኩርኩሚን ከ20 ሚሊግራም ፓይፐሪን (ቁንዶ በርበሬን የሚያቃጥል የሚያደርገው ነገር) ጋር የወሰዱ ጤነኛ ሰዎች ደም ውስጥ የገባው 20 እጥፍ ጨመረ። ፓይፐሪን ያ ጉበት የሚሠራውን የማስወገድ ሥራ ስለሚያዘገይ ነው። ግን የሌሎች መድኃኒቶችንም መወገድ ያዘገያል። ደም ማቅጠኛ ዋርፋሪን ለሚወስድ ሰው፣ የሚጥል በሽታ መድኃኒት ለሚወስድ ሰው ይህ እንደ ቀላል የሚታይ አይደለም።

ከሁሉ በላይ ኩርኩሚን ራሱ በሽታ ስለ ማዳኑ ጠንካራ ማስረጃ ገና የለም። በ2017 እ.ኤ.አ. የመድኃኒት ኬሚስቶች ከ120 በላይ የሰው ላይ ሙከራዎችን ጠቅሰው ያወጡት ሰፊ ግምገማ በዚህ ረገድ ተስፋ የሚያስቆርጥ ነው። ኩርኩሚን ከላብራቶሪ መለኪያዎች ጋር ራሱ እየተጋጨ «ሠራ» የሚያስብል የውሸት ውጤት እንደሚሰጥም አስረድቷል። ጣሊያን ውስጥ ደግሞ በ2019 የእርድ ክኒን የወሰዱ ሰዎች ላይ የጉበት ብግነት ታይቶ መንግሥት ምርመራ ከፍቷል። የተሻለ የሚገባ ነገር ሲጎዳም የተሻለ ይጎዳል። መሸከሚያ የሚሠራ ሰው ይህን መርሳት የለበትም።

ለወጥ የሚገባው እርድ ላይ ግን ስጋት የለኝም። የዓለም አቀፍ ምግብ ባለሙያዎች ለኩርኩሚን ያስቀመጡት የቀን ጣሪያ በኪሎ ክብደት 3 ሚሊግራም ነው። 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 180 ሚሊግራም ይመጣል። አንድ የሻይ ማንኪያ እርድ ወደ 3 ግራም ነው፣ ውስጡ ያለው ኩርኩሚን ወደ 90 ሚሊግራም ቢሆን ነው። ስለዚህ መልሴ ይህ ነው፤ በፈላ ወተት፣ እንደ ምግብ፣ ማታ አንድ ብርጭቆ መጠጣት ችግር የለውም። የሐኪም መድኃኒት አታቋርጡበት። የሐሞት ጠጠር ያለበት ሰው፣ ደም ማቅጠኛ የሚወስድ ሰው ቀድሞ ይጠይቀኝ። ጥሬ ወተትማ ለማንም አልመክርም፣ በጥሬ ወተት የሚተላለፈው ብሩሴሎሲስ የሚባል በሽታ አገራችን ውስጥ አለ። ጾም የሚጾሙትም ይጠይቁኛል። የአኩሪ አተር ፕሮቲንም ኩርኩሚን ይይዛል፣ የአኩሪ አተር ወተት ይሆናችኋል።

እንግዲህ ልቤ ያለበት ጉዳይ የሚከተለው ነው። ገጠር ላይ ወተት የሚናጠው ለቅቤ ነው። ቅቤው በኮባ ተጠቅልሎ ገበያ ይወጣል፣ ገንዘብ የሚያመጣው እሱ ነው። አሬራው ቤት ይቀራል። ከፊሉ ይጠጣል፣ ከፊሉ ይሞቅና አይብ ይሆናል። አጓቱ ለጥጃ ወይም ለውሻ ይሰጣል፣ ብዙ ጊዜም ይደፋል። ወተት የምታመጣልኝን እናት «አሬራውን ምን ታደርጊዋለሽ እናቴ?» ብላት «ምን ይደረጋል ልጄ፣ ለማን ይሸጣል?» አለችኝ። የወተቱ ኬዚን በሙሉ ማለት ይቻላል እዚያ አሬራ ውስጥ ነው። ቅቤው የወሰደው ስቡን ብቻ ነው።

አሬራ ደግሞ አንድ ሥራ አስቀድሞ ጨርሶ ነው የሚቀርበው። ሲኮመጥጥ አሲዱ ያንን ካልሲየም ፎስፌት ከሚሴሉ ውስጥ አሟሙቶ ያወጣዋል። ኬዚኑ ይቋጠራል። ይህን የተቋጠረ ኬዚን አጥባችሁ ፒኤቹን በሶዳ ወደ 7 ብትመልሱት ሶዲየም ኬዚኔት የሚባል ውኃ ውስጥ የሚሟሟ ኬዚን ታገኛላችሁ፣ የምግብ ፋብሪካዎች በውድ የሚገዙት ነው። በዚያው ጊዜ የእርድ ቀለም ብትጨምሩበት መሸከሚያውንና ጭነቱን አንድ ላይ አገኛችሁ። የቴነሲውን መንገድ ስናስብ ደግሞ ከ12 ወደ 7 የሚመልሰው አሲድ ራሱ ኮምጣጣው አሬራ ሊሆን ይችላል። ይህ የእኔ ሐሳብ ነው፣ ተሠርቶ አላየሁትም። ፒኤች 12 በኮስቲክ ሶዳ የሚመጣ ስለሆነ የኩሽና ሥራ አይደለም፣ ጓንትና መነጽር ያለበት ላብራቶሪ ይፈልጋል። በመጋገሪያ ሶዳ ከ8 ብዙም አይዘልም።

አይቡን ለምን አልተጠቀምክም ለሚለኝ፣ አይብ ሞቋል። ኮምጥጦ የተቋጠረ ኬዚን ሲሞቅ ይበልጥ ይጣበቃል፣ ከዚያ በኋላ መልሶ ማሟሟት ያስቸግራል። አሬራውን ሳይሞቅ መያዝ ይሻላል፤ ወተቱ ግን ከመርጋቱ በፊት ፈልቶ በንጹሕ እርሾ መርጋት አለበት።

ከዚህ የሚወጣውን ዱቄት መድኃኒት ብዬ አልሸጥም። የምመኘው ቀለም እንዲሆን ነው። ኩርኩሚን ኢ100 በሚል ቁጥር የሚታወቅ የምግብ ቀለም ነው። ለስላሳ መጠጥ፣ እርጎ፣ የልጆች ገንፎ ውስጥ ሳይዘቅጥ የሚበጠበጥ ቢጫ ከውጭ በዶላር ከምናስገባ፣ የቴፒ እርድና የጅማ ዙሪያ ወረዳዎች የመና ወይም የሰቃ አሬራ ጅማ ላይ ቢገናኙ ምን ይከፋል? ጅማ የግብርና ትምህርት ቤት ከተከፈተባት እ.ኤ.አ. ከ1952 ጀምሮ የእርሻና የእንስሳት ባለሙያ ስታፈራ የኖረች ከተማ ናት። ፋርማሲስቱም፣ የምግብ ሳይንሱም ሰው እዚሁ አለ።

መጀመሪያ መታወቅ ያለበት ግን አንድ ነገር ነው። ዱቄቱ ከደረቀ በኋላ ተመልሶ ውኃ ውስጥ ሲገባ ኩርኩሚኑን ይዞ ይቆያል ወይስ ይለቀዋል? ይህን በዓይን መገመት አይቻልም። ፈሳሹን በሴንትሪፉጅ አሽከርክሮ፣ የላዩን ቢጫ ፈሳሹ የሚውጠውን ብርሃን በሚለካው ስፔክትሮፎቶሜትር ማንበብ ይጠይቃል፣ ኩርኩሚን 425 ናኖሜትር አካባቢ ብርሃን ስለሚውጥ ንባቡ ቀላል ነው። እነዚህ ሁለት መሣሪያዎችና የፒኤች መለኪያ በእጃችሁ ያላችሁ፣ ጅማ ያላችሁ ወዳጆች፣ ጻፉልኝ። እርዱንና አሬራውን እኔ ይዤ እመጣለሁ።